ለወላጆች፤ «ልጄ በንባብ የት ደረሰ?» ብሎ ስለ መጠየቅ

ትምህርት ቤቶች በመስከረም ተከፍተው እነሆ ኅዳር ገብቷል። አዲስ የተመዘገቡት ሕፃናት የክፍላቸውን በርና የመምህራቸውን ስም ለይተው ዐውቀዋል፤ የደብተራቸውም ጠርዝ መጐሳቈል ጀምሯል። ወላጆችም ከልብስና ከደብተር ወጪ ጥቂት ዐረፍ ብለው «እንግዲህ ልጄ ምን ተማረ?» ብለው የሚጠይቁበት ጊዜ ይህ ነው። በዚህ ወር ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ከዚሁ ጥያቄ የሚወለድ ነው፤ ይኸውም ልጆች ንባብ እንዴት እንደሚማሩ ወላጆች ከመምህራን ጋር ስለሚመካከሩበት መንገድ ነው።

ቀድሞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ይህ ጥያቄ ለመመለስ የሚያስቸግር አልነበረም። አንድ ገበሬ ልጁን ለየኔታ አደራ ብሎ ከሰጠ በኋላ በገበያ መንገድ ላይ «ልጅህ የት ደረሰልህ?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ እርሱ ራሱ አንዲት ፊደል የማይለይ ቢሆን እንኳ፥ «ፊደል ቈጥሮ አቡጊዳ ገብቷል» ወይም «መልእክተ ዮሐንስ ይዟል» ወይም «ወንጌል ጨርሶ ዳዊት ጀምሯል» ብሎ ቁርጡን ይናገር ነበር። መንገዱ በሁሉ ዘንድ የታወቀ፥ ምዕራፉም የተለየ ስለ ነበረ፥ አባት ባይማርም የልጁን እርምጃ ከመከታተል የሚከለክለው ነገር አልነበረም። ልጁ ዳዊት በደገመ ጊዜ ቤተሰቡ ደግሶ የኔታንና ጓደኞቹን መጋበዙ የደስታ መግለጫ ብቻ አልነበረም፤ ይህ ልጅ ማንበብ ዐወቀ ተብሎ በሰው ፊት የሚመሰከርበት ሥርዓትም ነበር።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ብዙ ዐይነት ትምህርት በአንድ ጊዜ ስለሚያስተምር፥ ለወላጅ የሚልከው መልስ አብዛኛውን ጊዜ በቍጥር የተጻፈ ነው። «አማርኛ 71፤ ደረጃ 14ኛ» የሚል ካርድ ይመጣል። ወላጁም «71 መልካም ነው» ብሎ ይደሰታል፥ ወይም «14ኛ ምነው?» ብሎ ይቈጣል። ዳሩ ግን ይህ ቍጥር ልጁ ከዚህ ቀደም ያላየውን ዐረፍተ ነገር ማንበብ መቻሉንና አለመቻሉን አይናገርም። ከሰሌዳ አስመስሎ የሚገለብጥ፥ ሰምቶ በቃሉ የሚይዝ፥ መልሱንም በግምት የሚያከብብ ልጅ ሳያነብ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። እኛም በመምህርነት ሥራችን እንዲህ ያሉ ልጆች አጋጥመውናል፤ ወላጆቻቸውም ነገሩን የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ከዘገየ በኋላ ነው።

ጉዳዩ ጥቂት ቤቶችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስለን። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ የአገራችን ክልሎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚማሩበት ቋንቋ ንባብ ተፈትነው ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ እየተጠሩ አጭር ታሪክ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡ ሲደረግ፥ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ ከመቶ 34 ያህሉ ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችሉ ቀሩ። እነዚህ ልጆች ሁለተኛ ዓመታቸውን በትምህርት ቤት ሊፈጽሙ የተቃረቡ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት እንደ ገና ተዘጋጅተዋል፤ ብዙ መምህራንም ሥልጠና ተሰጥቷቸዋል። ሆኖም ፈተናው ለወላጆች የተወው ማስጠንቀቂያ ዛሬም አላረጀም፤ ልጅ በክፍል ውስጥ መቀመጡና ማንበብ መቻሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ4ኛ ክፍል ወዲያ ሒሳቡም ሳይንሱም የሚገኘው በንባብ ስለ ሆነ፥ በንባብ የተሰናከለ ልጅ በሁሉም ይሰናከላል፤ ሰውም «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» ይለዋል፥ እርሱም እውነት ይመስለዋል።

ሁለቱ መንገዶች

በወላጅና በመምህር መካከል አለመግባባት ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ የማስተማሪያው መንገድ መለወጡ ነው። ስለዚህ ከመነጋገር በፊት ሁለቱን መንገዶች ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

የቀድሞው መንገድ በፊደል ገበታ ይጀምራል። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ሰባት ቤት ስላላቸው፥ ዲቃሎቹን ሳይጨምር 231 ምልክት ይሆናሉ። ልጁ እነዚህን በተራ እያዜመ ይቈጥራል። በዚህ ዐይነት ጥናት ውስጥ አንድ አደጋ እንዳለ አባቶቻችን አልተሰወረባቸውም፤ አፍ እያዜመ ዐይን ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ የኔታ ፊደሉን በስንደዶ አንድ በአንድ ያስጠቍማሉ። ቀጥሎም «አ ቡ ጊ ዳ» እያለ ተራውን የሚያፈራርቅ ሌላ ገበታ ያመጣሉ፤ የ«ሀ ሁ»ን ዜማ በቃሉ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። መልእክተ ዮሐንስ በደረሰ ጊዜም ልጁ በአንድ ጊዜ እንዲሮጥ አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ፊደሉን እየቈጠረ፥ ቀጥሎ በግዕዝ፥ ከዚያ በውርድ ንባብ፥ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይወጣዋል። ተነሽና ወዳቂውን፥ ሰያፍና ተጣዩን ለይቶ የሚያነብ ተማሪ የሚገኘው እንዲህ ደረጃ በደረጃ ነው። የዚህ መንገድ ጕድለት ምስጢሩ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። የሚነበበው ግዕዝ ስለ ሆነ ልጁ ያነበበውን የሚረዳው ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት ሲገባ ነው፤ ከዚያ ሳይደርስ ትምህርቱን ያቋረጠውም ድምፁን እንጂ ፍቺውን ሳይዝ ይቀራል።

አዲሱ መንገድ የሚጀምረው ከድምፅ ነው። መምህሩ ልጆቹ ቃሉን በጆሯቸው እንዲከፋፍሉት ያደርጋል፤ «ሰላም» ብሎ እያጨበጨበ በውስጡ ያሉትን ድምፆች ያስለያል። ፊደላትንም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሳምንት ጥቂት ጥቂት ያስተምርና ወዲያው በእነዚያው ቃል ያሠራል። ለምሳሌ ላ፥ ም፥ ለ፥ ማ፥ በ የተማረ ልጅ «ላም»፥ «ለማ»፥ «በላ» የሚሉትን ማንበብ ይችላል፤ «ለማ በላ» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገርም በእጁ ነው። ቋንቋው የሚናገረው ቋንቋ ስለ ሆነ «ማን በላ?» ተብሎ በዚያው ቀን ሊጠየቅ ይችላል። የዚህ መንገድ ጕድለት ደግሞ ትዕግሥትና ሥርዓት የሚፈልግ መሆኑ ነው። መምህሩ ከቀረ፥ መጽሐፉ ካልተዳረሰ ወይም ክፍሉ ከተጨናነቀ፥ ልጁ ከፊደላቱ ግማሹን ሳያይ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። በተራ የተጠና ገበታ ስለሌለም የጐደለውን ፊደል ለይቶ ማወቅ ለወላጅ ያስቸግራል።

በዚህ ልዩነት ምክንያት የሆነውን አንድ ነገር እንንገራችሁ። በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ አንድ አባት የ1ኛ ክፍል ልጃቸውን በጥቅምት መጨረሻ «እስቲ ሀሁን በዪልኝ» ቢሏት፥ የ«ሀ»ን ቤት አልፋ «ለ» ላይ ስትደርስ ተደናገረች። በማግሥቱ ከመምህርቷ ዘንድ ሄደው «ሁለት ወር ሙሉ ምን ሲያስተምሯት ከረሙ? ፊደል እንኳ አልቈጠረችም» አሉ። መምህርቷ አልተቈጡም። «ይቀመጡ አባቴ» ብለው ልጅቱን ጠሩና፥ እስከዚያ ቀን የተማሩትን ፊደላት ለአባትየው አሳይተው ከእነዚያው ውስጥ የፈለጉትን ቃል በወረቀት እንዲጽፉላት ለመኗቸው። አባትየውም «ሰላም»፥ «ለማ»፥ «በለስ» ብለው ጻፉ። ልጅቱ ጣቷን እያስኬደች ሦስቱንም አነበበች፤ «ለማ» ላይ ስትደርስም «የአጎቴ ስም ነው» ብላ ሣቀች። አባትየው ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «እንግዲያስ እኔ በቤት ምን ላድርግ?» ሲሉ ጠየቁ። መምህርቷም «ገበታውን ከግድግዳ ላይ ይለጥፉላትና ተራውን በቀን አንድ ቤት ያስጠኗት፤ እኔም በክፍል ቃሉን አስነብባታለሁ» ብለው መለሱላቸው። እንዲህ ከሆነ ሁለቱም መንገድ ስፍራ ያገኛል። የፊደልን ተራ ማወቅ ኋላ በአብዛኛው መዝገበ ቃላት ውስጥ ቃል ፈልጎ ለማግኘት የሚረዳ ስለ ሆነ፥ የአባትየው ትምህርት የሚጣል አይደለም። የሚጎዳው ልጅ በትምህርት ቤት አንዱን፥ በቤት ሌላውን ሲሰማ፥ ሁለቱም ወገን ሌላውን ሲነቅፍ በመካከል የቀረው ነው።

በቤት የሚደረግ ፈተና

ወላጅ ከመምህር ጋር ለመነጋገር ሲሄድ የራሱን ምልከታ ይዞ ቢሄድ ንግግሩ ፍሬ ይኖረዋል። ለዚህም የሚከተሉትን ቀላል ፈተናዎች እናሳስባለን። ሁሉም በ15 ደቂቃ ውስጥ የሚፈጸሙ ናቸው።

አንደኛ፥ ልጁ በሚያውቀው ገጽ ላይ ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመካከል ወይም ከመጨረሻው መስመር አስጀምሩት። ሥዕል ካለም በእጃችሁ ሸፍኑት። በቃሉ የያዘ ልጅ ወደ ላይ ካልተመለሰ አይሆንለትም።

ሁለተኛ፥ መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር አስነብቡት፤ የሱቅ ማስታወቂያ፥ የቀን መቍጠሪያ፥ የዘመድ ስም ሁሉ ይበቃል።

ሦስተኛ፥ የሚሰናከልበትን ፊደል ልብ በሉ። ካዕብ በጐኑ፥ ሣልስ በእግሩ፥ ኀምስ በቀለበቱ ስለሚታወቁ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግሩም። ሳድስ ግን መልኩ ከቤት ቤት የሚለያይ ከመሆኑም በላይ፥ አንዳንድ ጊዜ ለስለስ ያለ ድምፅ ይዞ፥ አንዳንድ ጊዜም ያለ ድምፅ ስለሚነበብ ልጆችን ያደናግራል። «ልብስ» በሚለው ቃል ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ አነባበባቸው ግን አንድ አይደለም። እንደዚሁም ተ እና ቸ፥ ነ እና ኘ፥ ደ እና ጀ፥ ጠ እና ጨ በአንዲት ምልክት ብቻ ስለሚለያዩ፥ ልጁ የሚያቀያይራቸውን ጥንዶች በወረቀት መዝግባችሁ ያዙ።

አራተኛ፥ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አድምጡ። በጽሑፋችን ውስጥ ማጥበቂያ ምልክት ስለሌለ፥ አንባቢው ቃሉን የሚያጠብቀውና የሚያላላው ምስጢሩን ተከትሎ ነው። «አበበ እቤት አለ» እና «አበበ እመጣለሁ አለ» የሚሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጽፋችሁ አስነብቡት። የመጀመሪያውን አጥብቆ ሁለተኛውን አላልቶ ካነበበ፥ ንባቡ ከድምፅ አልፎ ልቡ ደርሷል ማለት ነው። «ገና» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ፥ ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው። ሁለቱንም አንድ አድርጎ የሚያነብ ልጅ ፊደሉን እየለየ ምስጢሩን አላገኘም።

«እኔ ራሴ ማንበብ አልችልም፤ እንዴት አድርጌ ልፈትነው?» የምትል እናት ትኖር ይሆናል። እርሷም ብትሆን አቅም አላት። በገጹ ላይ አንዲት ቃል ጠቍማ ታስነብበው፤ ጥቂት ቈይታ ያችኑ ቃል እንደ ገና ትጠቍም። ልጁ ሁለት ልዩ ልዩ መልስ ከሰጠ እየገመተ ነው። ካነበበም በኋላ «እስቲ በራስህ አነጋገር ንገረኝ» ትበለው። የተረዳ ልጅ ይተርካል፥ ያልተረዳ ልጅ ዝም ይላል። ይህን ለመለየት ጆሮና ትዕግሥት ብቻ ይበቃል።

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቈጠሩ አንዲት አያት በ3ኛ ክፍል የሚማር የልጅ ልጃቸውን የያዙት በዚሁ መንገድ ነበር። ልጁ ማታ ማታ ገጹን ውኃ እንደሚጠጣ ሰው ያለ ችግር ይወጣዋል፤ ዐይኑ ግን ወደ መስኮት ያያል። አያትየው መካከሉን ጠቍመው «እዚህ ጋ ያለውን አንብብልኝ» አሉት። «ከላይ ነው የሚጀመረው፥ እማማ» አላቸው። «አይሆንም የኔ ልጅ፤ እኔ ከጠቈምሁህ ላይ ጀምር» ሲሉት ዝም አለ። ሌላ ገጽ ገለጡ፤ እንደዚያው ሆነ። አያትየው አልተቈጡም፥ ለጐረቤትም አላወሩም። ለእናቱ ነገሩ፤ እናቱም ለመምህሩ ነገረች። መምህሩም ልጁን ለብቻው አስነብቦ ግዕዙን ደኅና አድርጎ እንደሚያውቅ፥ ራብዕንና ሳድስን ግን እንደማይለይ ተረዳ። በክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች በአንድ ድምፅ ስለሚያነቡ የእርሱ ዝምታ በሌሎቹ ድምፅ ተሸፍኖ ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህሩ በፊት ወንበር አስቀምጦ በየቀኑ ሁለት መስመር ለብቻው ያዳምጠው ጀመር፤ አያትየውም ማታ 15 ደቂቃ ያስነብቡታል። ዓመቱ ሲያልቅ እንደ ጓደኞቹ ፈጣን አልሆነም፤ ነገር ግን ያላየውን ጽሑፍ ቀስ እያለ ያነብ ነበር። ነገሩ ሳይታወቅ ወደ 4ኛ ክፍል ቢያልፍ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ለአንባቢ እንተወዋለን።

ከመምህሩ ጋር መነጋገር

ብዙ ወላጆች መምህርን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቈጥሩታል። መምህርን ማክበር መልካም ልማድ ነው፤ እኛም እንዲጠፋ አንወድም። ነገር ግን መጠየቅና መዳፈር ልዩ ልዩ ናቸው። ልጁን ሐኪም ዘንድ የወሰደ አባት «ሕመሙ ምንድን ነው? መድኃኒቱንስ በቀን ስንት ጊዜ ልስጠው?» ብሎ ቢጠይቅ ሐኪሙን አዋረደ አይባልም። እንዲያውም ሳይጠይቅ ቢመለስ ቸልተኛ ይባላል።

ሌሎች ወላጆች ደግሞ የሚመጡት ነገር ከተበላሸ በኋላ፥ ያውም በቍጣ ነው። ጧት ደወል ሲደወል፥ መምህሩ ልጆቹን ሊያሰልፍ በሚጣደፍበት ሰዓት፥ ልጁ ቆሞ እየሰማ «ልጄን ምን አደረጋችሁት?» የሚል ንግግር ለማንም አይጠቅምም። መምህሩ ይከላከላል፤ ልጁም መምህሩንና ወላጁን በጠብ መካከል ያያል። ስለዚህ አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ይገባል። መገናኛ ደብተር ያለው ትምህርት ቤት ከሆነ በዚያ መጻፍ፥ ከሌለም በአንዲት ቁራጭ ወረቀት መላክ ይቻላል። ለምሳሌ እንዲህ ቢጻፍ መልካም ነው፤

«ለተከበሩ የ2ኛ ለ ክፍል መምህርት፤ ልጃችን በቤት ሲያነብ ራብዕንና ሳድስን እያቀያየረ፥ ‹ላም› የሚለውን ‹ልም› እያለ እንደሚያነብ አስተውለናል። በክፍል ውስጥ እርስዎ የሚያዩት እንዴት ነው? የሚያስተምሩበትን መንገድ ቢገልጹልን በቤት ያንኑ እንከተላለን። በዚህ ሳምንት በሚመችዎ ቀንና ሰዓት መጥተን ብንነጋገር ደስ ይለናል። ከአክብሮት ጋር፤ የተማሪው እናት።»

ይህ ደብዳቤ አጭር ነው፤ ሆኖም የታየውን ነገር ለይቶ ይናገራል፥ ሳይወቅስ ይጠይቃል፥ ከወላጅ በኩል የሚደረገውንም እርዳታ ያመለክታል። እንዲህ ያለ ወረቀት የደረሰው መምህር መልሱን አስቦበት ይቈያል።

በተገናኛችሁም ጊዜ አራት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ፥ «ልጄ በንባብ የት ደርሷል?» በሉ፤ መልሱም በነጥብ ሳይሆን በቃል ይሁን፤ የትኞቹን ፊደላት ያውቃል? ቃል ያነባል? ዐረፍተ ነገርስ? ያነበበውን ይተርካል? ሁለተኛ፥ «በምን መንገድ ያስተምሩታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቢቻል የአንድ ቀን ትምህርት ያሳዩአችሁ። ሦስተኛ፥ «የሚሰናከለው በምን ላይ ነው?» አራተኛ፥ «በቤት ምን እናድርግ? ለስንት ጊዜ? መቼስ እንደ ገና እንገናኝ?» በሉ። ከዚህ በቀር የጐረቤትን ልጅ ደረጃ እያነሡ ማነጻጸር፥ ወይም ወንድሙ በዚህ ዕድሜ ያነብ ነበር ማለት የሚጨምረው ነገር የለም።

ልጁ መጽሐፉን ወደ ዐይኑ በጣም የሚያቀርብ፥ ሰሌዳውን ለማየት የሚያጠብብ ወይም ሲጠሩት ቶሎ የማይሰማ ከሆነ ይህንንም ለመምህሩ ንገሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዱት። ደካማ ዐይን ስንፍና እየተባለ ስንት ልጅ ያለ ጥፋቱ ተቀጥቷል! የቤቱ ቋንቋና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ የተለያየ እንደ ሆነም ይህ በግልጥ መነገር አለበት። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ተወስኗል፤ ቢሆንም በየከተማው በቤት አንድ ቋንቋ ተናግሮ በሌላ የሚማር ልጅ አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ፊደሉን ለይቶ ቃሉን ሳያውቀው ሊቀር ስለሚችል፥ የሚያስፈልገው ጭውውትና ተረት እንጂ ቅጣት አይደለም።

ለሥራ ባልደረቦቻችን ለመምህራንም አንድ ቃል አለን። በብዙ ትምህርት ቤት ወላጅ የሚጠራው ለመዋጮ፥ ለአጥር ሥራ ወይም ልጁ ጥፋት ባጠፋ ጊዜ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ወላጆች ተሰብስበው የንባብ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ ቢታያቸው፥ የተሰነዘረው ወቀሳ ሁሉ ግማሹ በዚያው ይቀር ነበር። በክፍል ውስጥ የልጁ ብዛት ብዙ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም በቀን አምስት ልጆችን ለየብቻ ሁለት ሁለት መስመር ማስነበብ ይቻላል፤ 60 ልጆች ቢኖሩም በ12 የትምህርት ቀን ሁሉም ይዳረሳሉ። የተገኘውንም በካርዱ ጥግ «ቃል ያነባል፤ ዐረፍተ ነገር ገና ነው» ብሎ መጻፍ ከነጥቡ ይልቅ ለወላጅ ይጠቅማል።

ወላጅ ጠይቆ መልስ ያጣ እንደ ሆነ ወደ ርእሰ መምህሩ መሄድ፥ ከዚያም ጉዳዩን ለወላጅና ለመምህራን ኅብረት ማቅረብ መብቱ ነው። ይህም በስሜት ሳይሆን የመዘገበውን ይዞ፥ ስለ ራሱ ልጅ ብቻ ሳይሆን ስለ ክፍሉ ልጆች ሁሉ ቢሆን ይሰማል። ኅብረቱ ስለ አጥርና ስለ ውኃ እንደሚመክር ሁሉ፥ «የ2ኛ ክፍል ልጆቻችን ስንቱ ያነባሉ?» ብሎ ቢመክር ከሥራው የወጣ አይሆንም።

እንግዲህ በዚህ ወር ከአንባብያን የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከሰንበት በኋላ ባለው ማታ፥ እራት ከመቅረቡ በፊት፥ ልጃችሁን በአጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አንዲት ገጽ ከመካከሏ አስነብቡት። ያያችሁትን በሁለት መስመር ጽፋችሁ ለመምህሩ ላኩ። መጻፍ የማትችሉም የሚችለውን ሰው አጽፋችሁ ላኩ። መልሱ ሲመጣ፥ በሚቀጥለው ጊዜ «ልጅህ የት ደረሰልህ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ፥ እንደ ቀደሙት ወላጆች ቁርጡን የምትናገሩ ትሆናላችሁ።

ልጆቻችንን በጤናና በማስተዋል ያሳድግልን።